ከወሊድ በኋላ የሚብስ የወር አበባ ሕመምና አዴኖማዮሲስ

በጅማ ዞን የቡና ለቀማ ወቅት በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በየቡ ዙሪያ በርካታ ሴቶች በቀን ሥራ ይሰማራሉ። ክፍያው በአብዛኛው በተለቀመው ኪሎ ልክ የሚታሰብ በመሆኑ በወር አበባ ሕመም ምክንያት ከቤት የዋለች ሴት የዕለት ገቢዋን ታጣለች፤ የደረሰ እሸት ቡና ቀጠሮ አይሰጥም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠራዋም ብትሆን ለኃላፊዋ "አሞኛል" ከማለት ያለፈ ምክንያት መናገር ይከብዳታል።

ለእነዚህ ሴቶች በተለምዶ የሚሰጠው ምክር "ስትወልጂ ይተውሻል" የሚል ነው። ምክሩ ለአንዳንዶች እውነት ሊሆን ይችላል። ልጆች ወልደው፣ ዕድሜያቸው ወደ 40 ሲጠጋ ሕመሙ ለጸናባቸው ግን አይሠራም። ከምክንያቶቹ አንዱ አዴኖማዮሲስ የተባለው የማህፀን ሕመም ሲሆን፣ በብዛት የሚታየውም በወለዱና በማህፀናቸው ላይ ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው ሴቶች ላይ ነው።

ማህፀን በየወሩ እየዳበረ በወር አበባ መልክ የሚወገድ የውስጥ ሽፋን አለው። በአዴኖማዮሲስ ይህንኑ ሽፋን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ በማህፀኑ የጡንቻ ግድግዳ ውስጥ ይገኛል። እዚያም ሆኖ ለወርኃዊው የሆርሞን ለውጥ ምላሽ ስለሚሰጥ ግድግዳው ይወፍራል፣ ማህፀኑ ይተልቃል፣ ቁርጠቱ ይበረታል፣ ደሙም ይበዛል። ሕመሙ ካንሰር አይደለም። ሆኖም በየወሩ ብዙ ደም የሚፈሳት ሴት ለደም ማነስ ትጋለጣለች፤ ድካሟም በሥራ ቦታ እንደ ስንፍና ሲቆጠርባት ይታያል።

ኦስትሪያዊው ሐኪም ካርል ፎን ሮኪታንስኪ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1860 ሕመሙን ቢገልጽም፣ ለረጅም ጊዜ የሚረጋገጠው ማህፀን ወጥቶ በማይክሮስኮፕ ሲመረመር ብቻ ነበር። ዛሬ ልምድ ያለው ባለሙያ በአልትራሳውንድ ሊለየው ይችላል። ከማዮማ ጋር የሚመሳሰል፣ አንዳንዴም አብሮት የሚከሰት በመሆኑ ምርመራው ጥንቃቄ ይጠይቃል። በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ማስታገሻ ካልበቃ ወደ ሆስፒታል፣ በአካባቢው ደግሞ የሪፈራል አገልግሎት ወደሚሰጠው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል መላክ ተገቢ ነው።

ሕክምናው እንደ ኢቡፕሮፌን ካሉ መድኃኒቶች ይጀምራል። የእርግዝና መከላከያ እንክብልና ሆርሞን የሚለቅ ሉፕ ደሙንም ሕመሙንም ይቀንሳሉ። የመዳብ ሉፕ ግን በተቃራኒው ደሙን ሊያበዛ ስለሚችል ሁለቱን መለየት ያሻል። ማህፀንን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ሌላው አማራጭ ሳይበቃ ሲቀር፣ ተጨማሪ ልጅ ለማይፈልጉ ሴቶች የሚደረግ ነው። የወር አበባ በዕድሜ ምክንያት ሲቋረጥም ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ይተዋል።