ከቀድሞ የእግር ኳስ ሥዕሎች የትኛውን ስብስብ መያዝ ይሻላል?

የቀድሞ ዘመን የእግር ኳስ ካርድ፥ ተለጣፊ ሥዕል ወይም ቴምብር ለመሰብሰብ ያሰበ የላንቻ ነጋዴ ገንዘቡን ከማውጣቱ አስቀድሞ አንድ ነገር ሊመረምር ይገባዋል፤ ይኸውም ስብስቡን አሟልቶ ለመጨረስ የሚችል መሆኑን ነው። ጎዶሎ ስብስብ በገበያ ዋጋው እጅግ ይወድቃልና።

በውጭ አገር ስመ ጥር የሆነው፥ የኢጣሊያው ፓኒኒ በ1962 ዓ.ም. ለተደረገው የሜክሲኮ የዓለም ዋንጫ ያሳተመው አልበም ነው። ነገር ግን ተለጣፊዎቹ ብዙ ናቸው፤ የጎደለውን አንዱን ከባሕር ማዶ ለማስመጣት የሚወጣው ወጪ ከሥዕሉ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም በዚሁ መንገድ ከስሮ ያውቃል።

በአገራችን የሚመረጠው ግን ቴምብሩ ነው። ከላንቻ ብዙ በማይርቀው ስታዲየም ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የተባበረችውን የዓረብ ሪፐብሊክ (ግብፅን) በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን የወሰደችበት ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ የራሱ ቴምብር ታትሞለታል። ስብስቡ ትንሽ ነው። በአንደኛው ላይም አበበ ቢቂላ ስለሚታይ፥ ለመሸጥ በተፈለገ ጊዜ የኳስ ወዳጅ ብቻ ሳይሆን የሩጫ ወዳጅም ይጠይቀዋል።

ገዢው የቴምብሩን ጀርባ ገልብጦ ይመልከት፤ ሙጫው ያልተነካ፥ ጥርሱ ያልተቀደደ ቢሆን ይመረጣል። በደብተር ላይ ተለጥፎ የኖረውን ግን፥ ሻጩ ምንም ያህል ቢያደንቀው፥ በርካሽ ካልሆነ አይውሰድ።