አቮካዶን በካርቱም ቤታችን ማሳደግ

አቮካዶ ከተበላ በኋላ ትልቁን ዘር ከመጣል ይልቅ ማብቀል ብዙ ልጆች የሚወዱት ሥራ ነው። ማብቀሉ ቀላል ነው። ከባዱ ነገር የበቀለውን ችግኝ የካርቱምን ሚያዝያና ግንቦት ማሳለፍ ነው።

የአቮካዶ መነሻ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1938 ሲሆን፣ መጀመሪያ የተከሉት በሂርናና በወንዶ ገነት የነበሩ የግል አትክልተኞች ናቸው። ዛሬ በሲዳማ፣ በወላይታና በጅማ በየጓሮው ይታያል። እነዚህ አካባቢዎች በቂ ዝናብና መካከለኛ ሙቀት አላቸው። ካርቱም ግን ከባሕር ጠለል በላይ 380 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ ዝናቧ ጥቂት፣ ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ ከተማ ናት። ስለዚህ ለችግኙ ወይና ደጋ የሚመስል ትንሽ ቦታ እኛው ማዘጋጀት አለብን።

በመጀመሪያ ዘሩ ሳይደርቅ ይታጠብ። ሾጣጣው ጫፍ ወደ ላይ፣ ሰፊው ወደ ታች ይሁን። ዙሪያውን ሦስት ስቴኪኒ ሰክተን ብርጭቆ አፍ ላይ እናስቀምጠው፤ የታችኛው ክፍል ብቻ ውሃ ይንካ። ውሃው በየሁለት ቀኑ ይለወጥ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዘሩ ተሰንጥቆ ሥር ያወጣል፤ ቀጥሎም ግንዱ ብቅ ይላል። በጥቅምት ወይም በኅዳር ከጀመርን ችግኙ ሙቀቱ ሳይደርስበት ይጠነክራል።

ግንዱ አንድ ስንዝር ሲደርስ ታቹ በተበሳ ትልቅ ባልዲ እንተክለዋለን። የካርቱም ጭቃማ አፈር ውሃ ቋጥሮ ይይዛል፤ የአቮካዶ ሥር ደግሞ አየር ይፈልጋል፤ ውሃ ከተኛበት ይበሰብሳል። ስለዚህ አፈሩን ከአሸዋና በደንብ ከበሰለ ፍግ ጋር እናደባልቀው። ብዙዎቻችን በኪራይ ቤት ስለምንኖር ባልዲው ሌላም ጥቅም አለው፤ ቤት ስንቀይር ችግኙ አብሮን ይሄዳል።

ችግኙ የጠዋት ፀሐይ ያግኝ፤ ከረፋድ በኋላ ግን በኒም ዛፍ ሥር ወይም በተወጠረ ጆንያ ጥላ ይዋል። ሀቡብ እንዳይሰብረው ወደ ግድግዳ ጥግ እናስጠጋው። አፈሩን በደረቅ ቅጠል እንሸፍን፤ ቅጠሉ ግንዱን አይንካ። ውሃ ከማጠጣታችን በፊት ጣታችንን አፈሩ ውስጥ እንክተት፤ እርጥብ ከሆነ እንተወው። የቅጠሎቹ ጫፍ ቡናማ ሆኖ ከደረቀ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ጨው ነው፤ ጨው እንዲታጠብ ውሃው በባልዲው ቀዳዳ እስኪፈስ እናጠጣ። የአቮካዶ ቅጠል ፍየልንና በግን ስለሚመርዝ፣ በየመንገዱ የሚዞሩ ፍየሎች እንዳይደርሱበት እንጠንቀቅ።

ፍሬ መቼ ይሰጣል? ለልጆች እውነቱን መንገር ይሻላል። ከዘር የበቀለ አቮካዶ እስኪያፈራ ከ5 እስከ 10 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ፍሬውም እናቱን ላይመስል ይችላል። በካርቱም ሙቀት ደግሞ አበባው ሊረግፍ ይችላል። ፍሬ በቶሎ የሚፈልግ ሰው ከጥሩ ዛፍ ቅርንጫፍ የተቀጠለበትን፣ የተዳቀለ የሚባለውን ችግኝ ቢተክል ይሻለዋል፤ እርሱ በ3 ወይም በ4 ዓመት ያፈራል።

ቢሆንም ዘርን አንናቅ። በዓለም ገበያ በብዛት የሚሸጠው ሀስ የተባለው አቮካዶ የተገኘው፣ ሩዶልፍ ሀስ የተባለ የካሊፎርኒያ ፖስታ አዳይ በጓሮው ካበቀለው አንድ ዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 የባለቤትነት መብት ተሰጠው። የዛሬዎቹ የሀስ ዛፎች ሁሉ ከዚያ አንድ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተቀጠለ የተባዙ ናቸው።

እንግዲህ ተማሪዎች፣ በሚቀጥለው ጥቅምት አንዳንድ ዘር አስቀምጡ። ቁመቱንና የቅጠሉን ብዛት በየሳምንቱ በደብተር መዝግቡ። ግንቦትን በሕይወት ካለፈ ችግኙን በደንብ ጠብቃችሁታል ማለት ነው።