ፀሐይ በማትደርስበት ጥልቀት

የዓለማችን ረጅሙ የተራራ ሰንሰለት የሚገኘው ከባሕር በታች ነው። የመካከለ ውቅያኖስ ሸንተረር ይባላል፤ ርዝመቱም 65,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። በሸንተረሩ አናት ላይ የምድር ቅርፊት ክፋዮች ይላቀቃሉ፤ በክፍተቱም ቅልጥ አለት እየወጣ አዲስ የባሕር ወለል ይሆናል። ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል የሚመጣው ቅርንጫፉ በአፋር ወደ የብስ ይወጣልና፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በዳባሁ አካባቢ ምድር 60 ኪሎ ሜትር ያህል የተሰነጠቀችውም በዚሁ ሂደት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1977 ተመራማሪዎች አልቪን በተባለችው ሰርጓጅ ከጋላፓጎስ ደሴቶች አጠገብ ወደ 2,500 ሜትር ጥልቀት ወረዱ። ይፈልጉ የነበረው በሸንተረሩ ላይ ይኖራል ተብሎ የተገመተውን ፍል ውሃ ነበር፤ ከመካከላቸውም አንድ የሥነ ሕይወት ባለሙያ አልነበረም። ፍል ውሃው ተገኘ። በዙሪያው ግን ትላልቅ ዛጎል ለበስ እንስሳት፣ ሸርጣኖችና ቀይ ላባ የመሰለ ጫፍ ያላቸው ረጃጅም ትሎች ተኮልኩለው ታዩ። ናሙና ማቆያው ኬሚካል ስላነሳቸው ከፊሉን በቮድካ ዘፍዝፈው አመጡ።

እስከ ሁለት ሜትር የሚረዝመው ይህ ትል አፍም አንጀትም የለውም። ታዲያ በምን ይኖራል? ኮሊን ካቫኖ የተባለች የሃርቫርድ ተማሪ መልሱን የጠቆመችው ስለ ትሉ የሚሰጥ ገለጻ ስታዳምጥ ነው፤ ጥናቷም እ.ኤ.አ. በ1981 ታተመ። በትሉ ገላ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከፍል ውሃው የሚወጣውን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከኦክስጅን ጋር በማዋሐድ ኃይል ያገኛሉ፤ በዚያም ኃይል ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ምግብ ይሠራሉ። ቀዩ ጫፍ ሁለቱንም ጋዞች ከውሃው እየሳበ በደም ያደርስላቸዋል። ለብዙ እንስሳት መርዝ የሆነው ጋዝ ለትሉ ቀለብ ነው።

ብዙ ጊዜ «ከፀሐይ ነጻ የሆነ ሕይወት» ተብሎ ሲጻፍ እናነባለን። አባባሉ ጥንቃቄ ይሻል። ባክቴሪያዎቹ የሚጠቀሙበት ኦክስጅን ከላይ፣ በፀሐይ ብርሃን፣ በብርሃን አስተጻምሮ የተገኘ ነውና። በእርግጥ ነጻ የሚባሉት በዚያው ሥፍራ ሃይድሮጅንን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አዋሕደው ሚቴን የሚሠሩት፣ ኦክስጅን የማይሹት ደቂቅ ዘአካላት ናቸው።

በስንጥቆቹ የሚሰርገው የባሕር ውሃ ከቅልጡ አለት አጠገብ ግሎ ብረታ ብረት እያሟሟ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1979 ከሜክሲኮ ጠረፍ ወዲያ የተገኙት «ጥቁር ጭስ» የሚተፉ ማማዎች 380 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሞቀ ውሃ ያወጣሉ፤ የጥልቀቱ ግፊት ግን ውሃው እንዳይፈላ ያግደዋል። የጋለው ውሃ ቀዝቃዛውን ባሕር ሲነካ መዳብና ዚንክ በሰልፋይድ መልክ ይዘቅጣሉ። ማዕድን ፈላጊዎችን የሚስበውም ይኸው ክምችት ነው፤ ዓለም አቀፉ የባሕር ወለል ባለሥልጣን በሕንድ ውቅያኖስ የፍለጋ ውሎች ሰጥቷል።

በዚያው ውቅያኖስ ሸንተረር ላይ እግሩ በብረት ሰልፋይድ ቅርፊት የተሸፈነ ቀንድ አውጣ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2019 ለመጥፋት ከተቃረቡ ዝርያዎች መዝገብ ሲገባ፣ ይታወቅ የነበረው በሦስት ሥፍራዎች ብቻ ሲሆን ሁለቱ በፍለጋ ውል የተያዙ ነበሩ።