ተቀባይ የሚሆን ማሽን

ሸጎዬ ለብቻ አይጨፈርም። በሐረርጌ ገጠር ወጣት ወንዶችና ሴቶች ፊት ለፊት ተሰልፈው አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ አውጪው ቀጣዩን ስንኝ እስኪያገኝ ድረስ ዜማው እንዳይወድቅ የሚይዙለት ተቀባዮቹ ናቸው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ድሬዳዋ ላይ የተቋቋመው፣ ዘፋኙ አሊ ቢራ ገና በልጅነቱ የተቀላቀለው አፍረን ቀሎ የተባለው የሙዚቃ ቡድንም የብዙ ሰው ሥራ ነበር። ዛሬ በጭሮ፣ በሂርና፣ በበደሳ ወይም በገለምሶ ዘፈኑን መኝታ ክፍሉ ውስጥ መቅዳት የሚያምረው ወጣት ግን ብቻውን ነው። ላፕቶፕ ወይም ስልክ፣ አንድ ማይክራፎን፣ ማሚቶ እንዲውጥ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ብርድ ልብስ ካለው በቂ ነው። መብራት ካልጠፋና በአውራ ጎዳናው የሚያልፈው ከባድ መኪና ጥሩንባውን ካላንባረቀ ይቀዳል። ተቀባዮቹን የሚያገኘው ከሶፍትዌር ነው።

የዛሬው ትውውቃችን ከዚህ ተቀባይ ጋር ነው። ስሙ ሃርሞናይዘር ይባላል። ሁለት የቅርብ ዘመዶች አሉት፤ አውቶቲዩን እና ሰው ሠራሽ ድምፅ። ሰዉ ሦስቱንም ጠቅልሎ «አውቶቲዩን» ይላቸዋል እንጂ ሥራቸው አንድ አይደለም። አውቶቲዩን የተዘፈነውን ድምፅ ወደሚቀርበው ኖታ ይጎትተዋል። ሃርሞናይዘር የተዘፈነውን ሳይነካ ቅጂውን ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ከጎኑ ያሰልፋል። ሰው ሠራሽ ድምፅ ማንም ያልዘፈነውን ይዘፍናል።

አንድን ሰው ብዙ ማድረግ ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ጥበብ ነው። አሜሪካዊው ሌስ ፖልና ባለቤቱ ሜሪ ፎርድ በ1951 ያወጡት «ሃው ሃይ ዘ ሙን» የሜሪን ድምፅ በድምፅ ላይ ደራርቦ አንዲቱን ሴት ብዙ ዘፋኝ አድርጓት ነበር። እሷ ግን እያንዳንዱን ድርብ በራሷ አፍ ነው የዘፈነችው። ይህን ድካም ለማሽን የሰጠው ኢቨንታይድ የተባለው ድርጅት በ1975 ለገበያ ያቀረበው ኤች910 ሃርሞናይዘር ነው። ያኔ ትልልቅ ስቱዲዮዎች የሚገዙት የብረት ሣጥን ነበር፤ አሁን ተመሳሳዩ ሥራ በነፃ ከሚጫን የስልክ መተግበሪያ ጋር ይመጣል። በሠርግ ቤት ኦርጋን ከሚባሉት ኪቦርዶች መካከልም ማይክራፎን ተሰክቶባቸው ተቀባይ የሚያወጡ አሉ።

አሠራሩ ይህን ያህል ምሥጢር የለውም። በሰከንድ 440 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ «ላ» ነው። ርግብግቢቱ 880 ሲሆን ያው ኖታ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ 660 ገደማ ሲሆን አምስተኛው ይወጣል። ማሽኑ ድምፁን በጣም ወደ ደቀቁ ቁርጥራጮች ይከፋፍልና አቀራርቦ ወይም አራርቆ እንደገና ይገጥማቸዋል፤ የዘፈኑ ፍጥነት ሳይለወጥ ከፍታው ይለወጣል። ያልተጠነቀቀ ማሽን ከከፍታው ጋር የጉሮሮውንና የአፉን መጠንም አብሮ ያሳንሰዋል። ጎልማሳው ሰውዬ የካርቱን አይጥ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ፎርማንት የሚል ቁልፍ ካለ የአፉን ቅርጽ ባለበት የሚያቆየው እሱ ነው።

እስከዚህ ድረስ ማሽኑ የትም አገር ያው ነው። ችግሩ የሚጀምረው የእኛን ዜማ ሲሰጡት ነው። ሃርሞናይዘሩ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚያውቀው ባለ ሰባት ድምፁን የአውሮፓ ሜጀርና ማይነር ነው። ትዝታ ሜጀርን እንውሰድ፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ። ፋ እና ሲ የሉበትም። ማሽኑን «በሜጀር ሦስተኛውን ጨምርልኝ» ብሎ ያዘዘ ሰው ዶ ሲል ሚን ያገኛል፤ መልካም። ሬ ሲል ግን ማሽኑ ፋ ይልለታል፣ ሶ ሲል ሲ ይልለታል። ሁለቱም ከቅኝቱ ውጭ ናቸው። ዘፈኑ ትዝታ ሆኖ ሳለ ተቀባዮቹ ሌላ አገር ያሉ ይመስላሉ። ብዙ የቤት ውስጥ ቅጂ ኮረሱ ጋ ሲደርስ ድንገት ማስታወቂያ ማስታወቂያ የሚሸተው ለዚህ ይመስለኛል፤ አቀናባሪው ጆሮው አልጠፋም፣ የፋብሪካውን ምርጫ አልቀየረም እንጂ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ደህና ሃርሞናይዘሮች የራስን ስኬል መሙላት ይፈቅዳሉ። አምስቱን ድምፆች ብቻ ትቶ ሌላውን ማጥፋት፣ ከዚያም ተቀባዩ ከመሪው በላይ አንድ የቅኝቱን ድምፅ እየዘለለ እንዲሄድ ማድረግ። ያኔ ዶ ከሚ፣ ሬ ከሶ፣ ሚ ከላ፣ ሶ ከላይኛው ዶ፣ ላ ከላይኛው ሬ ጋር ይጣመራሉ። አንዱ ሦስተኛ፣ የቀሩት አራተኛ ክፍተት ናቸው፤ ለአውሮፓ ጆሮ ባዶ ባዶ ሊል ይችላል፣ ለእኛ ግን ቤቱ ነው። አንቺ ሆዬ ላይ ይኸው ዘዴ ያስቸግራል። ግማሽ ድምፆች ስላሉት ከአምስቱ ጥንዶች አንዱ ሦስት ሙሉ ድምፅ የሚራራቅ ጎርባጣ ጥንድ ይሆናል፤ እዚያ ቦታ ላይ ተቀባዩን ዝም ማሰኘት ወይም ወደ ኦክታቭ መመለስ ይሻላል። የሐረርጌ ኦሮሞ ዘፈኖች በእነዚህ የቅኝት ስሞች ባይጠሩም ብዙዎቹ በአምስት ድምፅ ስለሚሄዱ ጥንቃቄው ያው ነው።

እንዲያውም መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ፤ ሃርመኒው ያስፈልጋል ወይ? ሸጎዬ ላይ ተቀባዮቹ የሚሉት መሪው ያለውን ዜማ ራሱን ነው። ወንዶቹ በታች፣ ሴቶቹ በላይ፣ በኦክታቭ። ሞቅታውን የሚሰጠው የተለያየ ኖታ መያዛቸው አይደለም፤ አንዱ በጥቂቱ መቅደሙ፣ ሌላው መዘግየቱ፣ የአንዱ ጉሮሮ መሻከሩ፣ የሌላዋ መቅጠኑ ነው። የኦርቶዶክስ መዝሙር በከበሮ ሲዘመርም ሕዝቡ በአንድ ዜማ ነው። ድምፅ ከፍሎ በሦስትና በአራት መዘመር በስፋት የለመደው የፕሮቴስታንት ኳየር ነው። ስለዚህ የሸጎዬን ስሜት የፈለገ ሰው ሃርሞናይዘሩን ከሦስተኛ አውጥቶ አንዱን ቅጂ ኦክታቭ ከላይ፣ አንዱን ኦክታቭ ከታች፣ ሁለቱን በዚያው ኖታ ላይ ያድርግ። በዚያው ኖታ ያሉትን ከ15 እስከ 40 ሚሊሰከንድ ማዘግየትና ከፍታቸውን በቅንጣት ማዛነፍ ነው። ከሁሉም የሚሻለው ግን የሜሪ ፎርድ መንገድ ነው፤ ኮረሱን ደጋግሞ በራስ አፍ መዝፈን፣ አንዴ ማይኩን ተጠግቶ፣ አንዴ በሩ ጋ ቆሞ፣ አንዴ ጎረቤት ጠርቶ። ማሽኑ ከእነዚህ ኋላ በስሱ ቢገባ ማንም አያውቅበትም።

ሃርሞናይዘር ሙሉ በሙሉ የሚደምቅበት አንድ ቦታ አለ። የሙስሊሞች መንፈሳዊ ዝማሬ የሆነው ነሺዳ ነው። የሙዚቃ መሣሪያ የማይቀበሉ አዘጋጆች ባሱንም፣ ምቱንም፣ ኪቦርድ የሚይዘውን ረጅሙን መደላድልም ከሰው አፍ ብቻ ያወጣሉ። አንድ ሰው «ኡ» ብሎ የያዘው ረጅም ድምፅ ኦክታቭ ዝቅ ሲል ባስ ይሆናል፤ አራት አምስት ሆኖ ሲበዛና ማሚቶ ሲጨመርበት የኪቦርድ ስትሪንግ ይመስላል። በከንፈር የተመታው «ቡም» ከበሮውን ይተካል። እንዲህ ያለው ድምፅ አሁንም የሰው ነው ወይስ መሣሪያ ሆኗል የሚለውን ለሊቃውንቱ ልተወው። ለቀረጻ ሰው ግን ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም፤ መደበቂያ ጊታር የለም።

ወደ አውቶቲዩን ልለፍ። አንዲ ሂልደብራንድ የሠራው በ1997 ነው። ሰውዬው ቀድሞ የከርሰ ምድርን የድምፅ ማሚቶ በሒሳብ እየተነተነ ለነዳጅ ፍለጋ ይሠራ ነበር፤ ያንኑ ሒሳብ ወደ ጉሮሮ አዞረው። በ1998 የሼር «ቢሊቭ» ዘፈን የማስተካከያ ፍጥነቱን እስከ ጥግ ወስዶ ድምፁን ሮቦት አደረገው፤ መዋቢያነቱ ከዚያ ጀመረ። ይኸው ፍጥነት ከ0 እስከ 400 ሚሊሰከንድ ይሄዳል። 0 ላይ ሲቀመጥ ኖታ ከኖታ በደረጃ እንጂ በዳገት አይሄድም። የእኛ ዘፋኝ ደግሞ ጣዕሙ ያለው በዳገቱ ላይ ነው፤ በቅላጼው፣ በማርገብገቡ፣ ወደ ኖታው ተንሸራቶ በመድረሱ። ሮቦቱ ሆን ተብሎ ከተፈለገ ክፋት የለውም፤ ሙዚቀኛው ሮፍናን ኑሪ በ2018 ካወጣው «ነጸብራቅ» አልበም ወዲህ ኤሌክትሮኒክ ድምፅ ለአማርኛ አድማጭ እንግዳ አይደለም። ሳይታሰብ ሲመጣ ነው የሚያስጠላው። ቅላጼ የበዛበት ስንኝ ላይ ፍጥነቱን ማዘግየት ወይም አውቶቲዩኑን ጨርሶ ማንሳት ይገባል።

ሰው ሠራሽ ድምፅ ታሪኩ ይረዝማል። የቤል ላብራቶሪው ሆመር ዱድሊ የሠራው ቮደር በ1939 በኒውዮርክ ዓለም አቀፍ ትርኢት በቁልፍ እየተጫወቱት ተናግሯል፤ በ1961 እዚያው ላብራቶሪ ኮምፒውተር «ዴዚ ቤል»ን ዘፍኗል። ያማሃ ቮካሎይድን በ2004 ለገበያ አበቃ፤ በ2007 የመጣችው ሃትሱኔ ሚኩ ከአንዲት ጃፓናዊት ተዋናይ ድምፅ የተሰፋች ዘፋኝ ናት። አማርኛ የሚናገሩ የኮምፒውተር ድምፆች አሉ፤ ማይክሮሶፍት መቅደስና አምሃ ብሎ የሰየማቸው ይገኙበታል። ያነባሉ እንጂ አይዘፍኑም። ያነበቡትን በአውቶቲዩን ወደ ዜማ መጎተት ይቻላል፤ ለመግቢያ፣ ለጨዋታ፣ ለአንድ ሁለት ቃል ያምራል፣ ሙሉ ስንኝ ሲሆን ይሰለቻል።

ትዕግሥት ላለው ሌላ መንገድ አለ። በ2008 በነፃ የተለቀቀው ዩታው የተባለው የጃፓን ሶፍትዌር ማንም ሰው የራሱን ድምፅ በቀለም በቀለም ቀድቶ ዘፋኝ እንዲያደርገው ይፈቅዳል። ጃፓንኛ እንደ ፊደላችን ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ የሚጻፍበት ነው፤ ስለዚህ የፊደል ገበታን ከሀ እስከ ፐ በአንድ ከፍታ ማንበብ ለአማርኛ ዘፋኝ ጥሩ መነሻ ይሆናል። 33 ሲባዛ በ7፣ 231 ድምፅ፤ ሞክሼዎቹ ሲቀነሱ ያንሳል። አስቸጋሪው ሳድሱ ነው፤ አንዴ ድምፅ ያወጣል፣ አንዴ ዝም ይላል። የሚጠብቀውና የሚላላው ቃልም ለየብቻ መቀዳት አለበት። በአፋን ኦሮሞ ደግሞ የአናባቢው ማጠርና መርዘም ይጨመርበታል።

አሁን አሁን ከጥቂት ቅጂ ብቻ የሌላን ሰው ጉሮሮ የሚገለብጡ ፕሮግራሞች መጥተዋል። የራስን ድምፅ ወይም ፈቅዶ የሰጠ ጓደኛን ድምፅ ማብዛት አንድ ነገር ነው። በ2022 ያረፈውን አሊ ቢራን ያልዘፈነውን ማስዘፈን ሌላ ነው፤ አሊ አይሆንም ብሎ ሊከለክል አይችልም። ለእኔ ይህ ተቀባይ ማብዛት አይደለም፣ አውጪውን መተካት ነው።

አንድ የሥራ ነገር ቀርቷል። በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ የሚያምር ኮረስ ባለ አንድ ስፒከር ስልክ ላይ ሊጠፋ ይችላል። በጥቂት ሚሊሰከንድ የተዘገየው ቅጂ ከዋናው ጋር በአንድ ቀዳዳ ሲወጣ አንዱ ማዕበል ሌላውን ያጠፋዋል፤ ድምፁ ይቀጥንና ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። የሚኤሶና የጭሮ አድማጭ ዘፈኑን በስልክ፣ በሱቅ ሬዲዮ ወይም በባጃጅ ስፒከር ሊሰማው ይችላል። ከመልቀቅ በፊት ሶፍትዌሩ ላይ ሞኖ የሚለውን ተጭኖ ማዳመጥ፣ ኮረሱ ከሳሳ የማዘግያውን መጠን መቀየር፣ አሁንም ካልዳነ ያንን ቅጂ አውጥቶ በራስ አፍ እንደገና መዝፈን ነው።