የማሊያን እርጥበት የሚያነብ ካሜራ

ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ 90 ደቂቃ ሙሉ ሮጦ ከሜዳ የወጣ ተጫዋች ማሊያውን የሚመዝነው በአንድ ነገር ነው፤ ጀርባው ላይ ተለጥፎበታል ወይስ አልተለጠፈበትም። ይህን ስሜት በቁጥር ለመያዝ የጨርቃጨርቅ ተመራማሪዎች ከሚጠቀሙባቸው መሣሪያዎች አንዱ የሙቀት ካሜራ ነው፤ በኮሮና ጊዜ በአየር ማረፊያ የመንገደኛን ትኩሳት ከርቀት ይለካ የነበረው ዓይነት። ካሜራው ብርሃን አይፈልግም። ማንኛውም ነገር ከሙቀቱ የተነሣ የሚያወጣውን፣ ለዓይናችን የማይታየውን የኢንፍራሬድ ጨረር ተቀብሎ በቀለም ይሥለዋል።

እርጥበትን የሚያውቀው ግን በቅዝቃዜው ነው። 1 ግራም ላብ ሲተን 2,400 ጁል ገደማ ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ስለዚህ የረጠበው ቦታ ከደረቀው ይቀዘቅዛል። በሙከራው ላይ በክፍሉ ሙቀት ልክ የሆነች አንዲት የውኃ ጠብታ ጨርቁ ላይ ትደረጋለች። ከአፍታ በኋላ ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ነጥብ ብቅ ይላል። ጥሩ የስፖርት ጨርቅ ከሆነ ነጥቡ ወዲያው ይሰፋል፣ ጠርዙ ይሳሳል፣ ብዙም ሳይቆይ ይጠፋል፤ ጨርቁ ደርቋል ማለት ነው። ወፍራም ጥጥ ከሆነ ሰማያዊው ቶሎ አይለቅም። የጥጥ ቃጫ ደረቅ በሚመስልበት ጊዜ እንኳ ከክብደቱ 8 በመቶ ገደማ እርጥበት ይይዛል፤ የፖሊስተር ግን ግማሽ በመቶ አይሞላም። ፖሊስተር ውኃውን ወደ ውስጥ አያስገባውም፤ በክሮቹ መካከል ባሉ ቀጫጭን ክፍተቶች እየሳበ ያሰራጨዋል። ያም ቢሆን ፖሊስተር ሁሉ አንድ አይደለም። አሠራሩ ካልተስተካከለ ላቡን ቆዳ ላይ ትቶ የሚያጣብቅ ፖሊስተር ሞልቷል።

ካሜራው የሚያየው የጨርቁን ውጫዊ ገጽ ብቻ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ውጩ ቀዘቀዘ ማለት ቆዳው ቀዘቀዘ ማለት አይደለም፤ ላቡ ከቆዳ ርቆ ከተነነ ከሚወስደው ሙቀት ብዙው ከአካባቢው አየር የተወሰደ ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት ጨርቁን ከላይም ከውስጥም በካሜራው ማንሣት፣ የለባሹንም አስተያየት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የእኛ አየር ነገር ነው። የጨርቅ ላቦራቶሪ መደበኛ አየር 20 ዲግሪ ሴልሺየስና 65 በመቶ እርጥበት ነው። ወልቂጤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ፣ ቡታጅራ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነም ውኃ ፈጥኖ ይተናል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ አየሩ ራሱ በእርጥበት ስለሚሞላ ላቡ መሄጃ ያጣል። በባሕር ዳርቻ ከተማ ተፈትኖ የተመሰገነ ማሊያ እዚህ በጥር ብርድ ሊያስይዝ፣ በነሐሴ ደግሞ ላብ ሊያሳቅቅ ይችላል።

ስለዚህ ማሊያው እዚሁ ቢፈተን ይሻላል። ባሕር ዳር የኢትዮጵያ ጨርቃጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፤ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲም የምህንድስና ትምህርት ያስተምራል። የኤሌክትሪክ ባለሙያ የጋለ ማያያዣ ለመፈለግ የሚይዘው የሙቀት ካሜራ ለመነሻ ይበቃል። ፀሐይና ነፋስ የማይደርስበት ክፍል፣ በእኩል መጠን የምትወርድ ጠብታና ሰዓት ከተገኙ ነጋዴው የሚያቀርባቸውን ማሊያዎች አንድ በአንድ ማወዳደር ይቻላል። ቁጥሩና የስፖንሰሩ ስም የታተመበት ቦታ ለብቻው ይፈተሽ፤ ወፍራም የፕላስቲክ ኅትመት ላቡን ስለሚያፍን ጨርቁ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን እዚያ ላይ አይተነፍስም።