የኮርድ ሥዕል

የኮርድ ሥዕል በጊታር፣ በዩኩሌሌ፣ በባንጆና በመሳሰሉት ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያዎች አንድን ኮርድ ለመምታት ጣቶች የት እንደሚያርፉ የሚያሳይ አነስተኛ ሥዕል ነው። ኮርድ ማለት በአንድነት የሚሰሙ፣ ብዙውን ጊዜ ሦስትና ከዚያ በላይ የሆኑ የተለያዩ ድምፆች ስብስብ ነው። ሥዕሉ ኖታ ማንበብ ለማይችል ጀማሪም ያገለግላል። ዛሬ በኢንተርኔት ላይ በሚገኙ ፕሮግራሞች በጥቂት ደቂቃ ሊዘጋጅ ይችላል። ሆኖም የሚያሳየው የጣትን ቦታ እንጂ ድምፁን ስላልሆነ፣ ትክክለኛነቱ በሙዚቃ መሣሪያው ቅኝት ላይ የተመሠረተ ነው።

ታሪክ

ኮርድን በምልክት ማሳየት የቆየ ልማድ ነው። ጣሊያናዊው ጂሮላሞ ሞንቴሳርዶ በ1606 እ.ኤ.አ. በፍሎረንስ ባሳተመው የጊታር መጽሐፍ ኮርዶችን በፊደላት ወክሏቸዋል። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካ በሚታተሙ የዘፈን ኖታዎች ላይ የዩኩሌሌ ኮርድ ሥዕሎች ይወጡ ነበር።

አነባበብ

ሥዕሉ ጊታሩ ቆሞ ፊቱን ወደ ተመልካቹ እንዳዞረ ተደርጎ ይሣላል። ቁም መስመሮቹ ክሮቹ ናቸው፤ በግራ ዳር ያለው ወፍራሙ ስድስተኛው ክር፣ በቀኝ ዳር ያለው ቀጭኑ አንደኛው ክር ነው። አግድም መስመሮቹ በጊታሩ አንገት ላይ ያሉት ቀጫጭን ብረቶች፣ ማለትም ፍሬቶች ናቸው። ጥቁር ነጥብ ክሩ የሚጫንበትን ቦታ ያሳያል። ከክሩ በላይ ያለ ክብ (0) ክሩ ሳይጫን እንደሚመታ፣ መስቀል (×) ደግሞ ክሩ እንደማይመታ ያመለክታል። ጣቶች በቁጥር ይለያሉ፦ 1 ጠቋሚ፣ 2 የመሃል፣ 3 የቀለበት፣ 4 ትንሿ ጣት ነው።

ይኸው መረጃ በቁጥር ብቻም ይጻፋል። ለምሳሌ ሲ ሜጀር (ዶ ሜጀር) ከስድስተኛው ክር ጀምሮ ×32010 ተብሎ ይጻፋል። ይህም ስድስተኛው ክር አይመታም፤ አምስተኛው በ3ኛው፣ አራተኛው በ2ኛው፣ ሁለተኛው በ1ኛው ፍሬት ላይ ይጫናሉ፤ ሦስተኛውና አንደኛው ሳይጫኑ ይመታሉ ማለት ነው።

በኢንተርኔት ማዘጋጀት

ፕሮግራሞቹ በሁለት ይከፈላሉ። በአንደኛው ዓይነት ተጠቃሚው ራሱ ነጥቦቹን በባዶ ሰንጠረዥ ላይ ያስቀምጣል። በሁለተኛው የኮርዱን ስም ሲጽፍ ፕሮግራሙ ቦታዎቹን አስልቶ ያቀርባል። የተለመደው አሠራር እንዲህ ነው፦

1. የሙዚቃ መሣሪያው፣ የክሮቹ ብዛትና ቅኝቱ ይመረጣል። የጊታር የተለመደ ቅኝት ከስድስተኛው ክር ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ (ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ) ነው።
2. ነጥቦቹ፣ ክቦቹና መስቀሎቹ ይቀመጣሉ፤ የጣት ቁጥሮች ይጨመራሉ።
3. ኮርዱ ከአንገቱ መጀመሪያ ርቆ የሚያዝ ከሆነ የመነሻው ፍሬት ቁጥር በጎን ይጻፋል።
4. ሥዕሉ ይቀመጣል። የኤስቪጂ ፋይል ቢተልቅም መስመሮቹ አይደበዝዙም፤ ፒኤንጂ ግን ከመጠኑ በላይ ሲለጠጥ ይደበዝዛል። በኤስቪጂ ውስጥ በአማርኛ የተጻፈ ርዕስ የግዕዝ ፊደል በሌለው ኮምፒውተር ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ሊታይ ይችላል።

የተለመዱ ስሕተቶች

ዋናው ስሕተት ቅኝትን መዘንጋት ነው። በጊታር አራቱ ቀጫጭን ክሮች ላይ 0232 ተብሎ የሚያዘው ዲ ሜጀር ነው። ይኸው ሥዕል ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ ተብሎ በተቃኘ ዩኩሌሌ ላይ ጂ ሜጀርን ይሰጣል። በጊታርም ቢሆን ስድስተኛው ክር ከኢ ወደ ዲ ዝቅ ከተደረገ፣ 320003 የሚለው የጂ ሜጀር ሥዕል አይሠራም፤ ያ ክር ከ3ኛው ይልቅ በ5ኛው ፍሬት መጫን አለበት።

የመነሻውን ፍሬት ቁጥር መርሳትም ኮርዱን ይለውጠዋል። 577555 ኤ ማይነር ነው፤ «5» የሚለው የጎን ቁጥር ከቀረ አንባቢው በ133111 ቦታ ይይዘውና ኤፍ ማይነር ይሰማል።

አንድ ሥዕል ሁለት ስም ሊኖረውም ይችላል። ኤ፣ ሲ፣ ኢ እና ጂ የተባሉት ድምፆች ኤ ማይነር 7 ወይም ሲ 6 ይባላሉ። ትክክለኛውን ስም የሚወስነው የዘፈኑ አካሄድና ዝቅተኛው ድምፅ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ያቀረበው ስም ሳይመረመር አይወሰድም፤ የተዘጋጀው ሥዕልም ከመታተሙ በፊት በመሣሪያው ተመትቶ በጆሮ ይረጋገጣል።

ክራርና የኮርድ ሥዕል

ክራር አምስት ወይም ስድስት ክሮች ቢኖሩትም አንገትና ፍሬት የለውም። ክሮቹ ከድምፅ ሳጥኑ እስከ ላይኛው አግዳሚ እንጨት ተወጥረው ለየብቻቸው ይቃኛሉ፤ ለምሳሌ በትዝታ ወይም በባቲ። ክራር እየተመታ ሲደረደር የግራ እጅ ጣቶች እንዲሰሙ የማይፈለጉትን ክሮች ያፍናሉ። ስለዚህ ለጊታር የተሠራ ሰንጠረዥ ለክራር አይሆንም፤ ለክራር የሚሣል ሥዕል ቅኝቱን ጠቅሶ የትኛው ክር እንደሚታፈንና የትኛው እንደሚለቀቅ ማሳየት ይኖርበታል።