ያልወረደው መስመር

ሜርኩሪ ፀሐይን የምትዞረው በሰከንድ 47 ኪሎ ሜትር ገደማ እየከነፈች ነው። ምድር 30 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ ዳር ላይ ያለችው ኔፕቲዩን ግን 5.4 ኪሎ ሜትር ብቻ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሥርዓተ ፀሐይ ካለው ቁስ ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነው የተከማቸው መሃል፣ ፀሐይዋ ላይ ነው። ከእሷ የራቀ ሁሉ ስበቱ ይላላበታል፤ ስበቱ የላላበት ደግሞ ዝግ ብሎ ካልዞረ አምልጦ ይሄዳል። ነገሩን ገልብጠን ካየነው ጥሩ ሚዛን ይወጣዋል፦ አንድ አካል ከመሃል ምን ያህል ርቆ በምን ፍጥነት እንደሚዞር ካወቅን፣ ስቦ የያዘው ቁስ ምን ያህል እንደሆነ አስልተን እንደርስበታለን። የፀሐይን ክብደት የነገሩን እነዚሁ ፕላኔቶቿ ናቸው።

ጋላክሲም በዚሁ ሚዛን ይመዘናል። ከመሃሉ እስከ ዳሩ ያሉት ከዋክብትና ጋዝ ፍጥነታቸው ይለካል፤ ርቀቱ በአግድም፣ ፍጥነቱ በቁመት ይሰፍርና ነጥቦቹ ይገናኛሉ። የሚወጣው መስመር የዙረት ኩርባ ይባላል። የጋላክሲ ብርሃን መሃል ላይ ደምቆ ወደ ዳር እየደበዘዘ ስለሚሄድ፣ ኩርባውም አንዴ ከወጣ በኋላ እንደ ፕላኔቶቹ ፍጥነት ቁልቁል ይወርዳል ተብሎ ይጠበቅ ነበር።

ይህን ግምት ክፉኛ ካናጉት መካከል በዋሽንግተኑ የካርኔጊ ተቋም ይሠሩ የነበሩት ቬራ ሩቢንና ኬንት ፎርድ ይገኙበታል። ፎርድ መሣሪያ ሠሪ ነበር፤ ደካማ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሮን ለውጦ የሚያጎላ ቱቦ ብርሃንን በየሞገድ ርዝመቱ ከሚከፋፍለው ስፔክትሮግራፍ ጋር አጣምሮ፣ አንድን ምስል ለማንሳት የሚፈጀውን ሰዓት በብዙ እጥፍ አሳጠረው። ሁለቱ ይህን ይዘው አሪዞና ወደሚገኙት ቴሌስኮፖች ሄዱና ጎረቤታችን አንድሮሜዳ ጋላክሲ ላይ አነጣጠሩ።

የለኩት አንዲት ቀይ መስመር ነበር። በወጣትና ትኩስ ከዋክብት ዙሪያ የሚግል የሃይድሮጅን ጋዝ በ656.3 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ቀይ ብርሃን ይረጫል። ጋዙ ወደ እኛ ከመጣ መስመሯ ወደ ሰማያዊው በኩል ሸርተት ትላለች፤ ከራቀ ወደ ቀዩ። በሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር የሚከንፍ ጋዝ እንኳ የሚያሸራትታት ግማሽ ናኖ ሜትር በማይሞላ ነው። አንድሮሜዳ ራሷ በሰከንድ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ እኛ ስለምትመጣ፣ ይህም ተቀንሶ ነው የዙረቱ ፍጥነት የሚገኘው፤ አንዱ ጎኗ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ሲገሰግስ ሌላው 100 እንኳ አይሞላም።

እ.ኤ.አ. በ1970 የ67 የጋዝ ደመናዎችን ልኬት አሳተሙ። ፍጥነቱ የብርሃኑን ያህል አልወደቀም። በዚያው አሥርት ዓመት ሬዲዮ ቴሌስኮፖች ከዋክብት ካለቁበት አልፎ የተዘረጋውን ቀዝቃዛ ሃይድሮጅን ለኩ፤ እዚያም መስመሩ ዝርግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ሩቢን፣ ፎርድና ባልደረባቸው 21 ጋላክሲዎችን አንድ ላይ አቀረቡ። አንዱም እንደ ሥርዓተ ፀሐይ አልወረደም። ከዚያ በኋላ «ምናልባት አንድሮሜዳ ለየት ያለች ትሆን» የሚል ማምለጫ ተዘጋ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ፍጥነቱ ካልቀነሰ፣ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር በውስጡ ያለው ቁስም እጥፍ መሆን አለበት። ብርሃኑ ግን አልቋል። ታዲያ የሚስበው ምንድን ነው? መልሱ «ጨለማ ቁስ» ተባለ፦ ብርሃን የማይሰጥ፣ ብርሃን የማይውጥ፣ በስበቱ ብቻ የሚታወቅ። ሐሳቡን ፍሪትዝ ዝዊኪ እ.ኤ.አ. በ1933 ኮማ የተባለውን የጋላክሲዎች ስብስብ አጥንቶ ሰንዝሮት ነበር፤ ለረጅም ጊዜ ግን ብዙ ሰሚ አላገኘም።

እዚህ ላይ ሐቀኛ መሆን ያስፈልጋል። የዙረት ኩርባ ብቻውን ጨለማ ቁስ መኖሩን አያረጋግጥም፤ ወይ የማናየው ቁስ አለ፣ ወይ የስበት ሕጋችን ጉድለት አለበት ነው የሚለን። ሁለተኛውን መንገድ የመረጠው እስራኤላዊው ሞርደኻይ ሚልግሮም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1983 እጅግ በደከመ ስበት ላይ ሕጉ ይለወጣል ብሎ ቀመር አወጣ። ቀመሩ የብዙ ጋላክሲዎችን ኩርባ በሚያስገርም ሁኔታ ይገጥማል፤ ሊናቅ አይገባም። ሩቢንም ብትሆን ጨለማ ቁስን ከሚሠራ አዲስ ቅንጣት ይልቅ የሕጉ መሻሻል ደስ ይላት ነበር።

ሚልግሮም የሚቸገረው ከጋላክሲ ከፍ ሲባል ነው። «ጥይት» በሚል ስም የሚታወቁት የጋላክሲ ስብስቦች ሲጋጩ፣ ከሚታየው ቁስ አብዛኛውን ድርሻ የያዘው ትኩስ ጋዝ መሃል ላይ ተያዘ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ጥናት ግን ከኋላ የሚመጣውን ብርሃን የሚያጎብጠው ስበት ጋዙን ጥሎ ከጋላክሲዎቹ ጋር እንዳለፈ አሳየ። ከጽንፈ ዓለሙ ጅማሬ የቀረው የማይክሮዌቭ ጨረርም ጨለማ ቁስ ከተራው ቁስ አምስት እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ ይናገራል። እኔ ሚዛኑ ወደ ጨለማ ቁስ ያደላል እላለሁ።

ያም ሆኖ የያዘው የለም። በአሜሪካ ደቡብ ዳኮታ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ጠልቆ በሚገኝ የቀድሞ የወርቅ ማዕድን ማውጫ ውስጥ 10 ቶን ፈሳሽ ዜኖን ተቀምጦ አንዲት የጨለማ ቁስ ቅንጣት እስክትነካው ይጠበቃል፤ በጣሊያንም ተራራ ሥር ተመሳሳይ መሣሪያ አለ። ሩቢን የኖቤል ሽልማት ሳታገኝ እ.ኤ.አ. በ2016 አረፈች፤ ቺሊ ውስጥ የተሠራው ትልቅ የሰማይ መመልከቻ በስሟ ተሰይሟል። ቅንጣቷ ግን ገና ስላልተያዘች፣ «ጨለማ ቁስ ተገኘ» የሚል ዜና ካያችሁ፣ በየትኛው መሣሪያ እንደተያዘና ሌላ ቡድን ደግሞ ለክቶት እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።